ሁለት ክንድ ኩሬ

ነርሷ ሮዌና ወደ አገሯ የሄደች ለታ፣
የሦስት መቶ አራትን ቁልፍ መለሰችልኝ፤ ከቁልፉ ጋር ስጦታ፦
ሁለት ክንድ የመስታወት ኩሬ፣ ስድስት ዓሣ፣ አንድ ተክል፣ አንድ ቀንድ አውጣ።
«ኑርዬ፣ አደራ፤» አለች፤ ታክሲው ቆሟል፤ ሻንጣዋ ቀድሟት ወጣ።

ናጡር ነኝ፤ የሕንፃ ዘበኛ። ተሸክሜ አስገባሁት ከክፍሌ፣
ከካሜራው ስክሪን አጠገብ፣ ከሻይ ብርጭቆዬ፣ ከባትሪዬ መሐሌ።
ሐምሌ ነው። ሻርጃ ውጭው ይነዳል፤
ከቀዝቃዛው ቧንቧ የሚወርደው፣ ለሻይ የተጣደ ይመስላል።

በሳምንቱ መስታወቱን አረንጓዴ ላብ አላበው፤
በአሥረኛው ቀን ጥቁር ጢም ወጥቶ፣ ለጋውን ቅጠል ያለ ዕድሜው ከበበው።
ዋቅላሚ ይሉታል በመጽሐፍ፤ እኔ ያወቅሁት ግን ሐይቅ ዳር፣
ልጅ ሳለሁ፣ ከድንጋይ ላይ አንሸራትቶ ሲጥለኝ ነበር።

ፋቅሁት፤ ጊዜው ባለፈበት የመታወቂያ ካርዴ ጠርዝ፣
ሌሊት ስድስት ሰዓት፣ ሕንፃው ሲተኛ፣ ጣቴ እስኪደነዝዝ።
ሲነጋ፣ እንደገና አረንጓዴ።
«ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ» ያሉት ደርሶብኝ፣ አልሁ ቁጭ፤
ጣናን የወረረው አረም ስሙስ? እሱም እንቦጭ።

ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ፣ ወፍ ገበያው ሻፊቅ ዘንድ ሄድሁ፤
«የሚገድል መርዝ ስጠኝ፤» ብዬ፣ በአረብኛ፣ በእጄ፣ በስልኬ ፎቶ አስረዳሁ።
ሳቀ ሻፊቅ፤ ጥርሱ ቅጠል በማኘክ ቀልቷል፤
«መርዙ ዓሣውንም ይዞት ይሄዳል።
መብራቱን ስንት ሰዓት ታበራለህ?» «ቀን ከሌት፤ ዘበኛ ጨለማ ይወዳል?»
«እንግዲህ ቀላቢው አንተ ነህ! ብርሃን ሰጠኸው፣ ትርፍራፊ ተውህለት፤
እሱ ምን አጠፋ? በላ፣ አንተ ካቀረብህለት።
አትግደለው። ተሻሚ አምጣበት።» አለና፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣
ሦስት እፍኝ ሣር ሰጠኝ፣ ከነሥሩ አንጠልጥሎ።
«ይህ ፈጥኖ አዳጊ ነው፤ ቀድሞት ይብላ። መብራት፣ ስድስት ሰዓት፤
በሳምንት ሢሶውን ውኃ ቀይር፤ ከዚያ እጅህን ሰብስብበት።
አሥር ድርሃም።»

ጠጠሩን በማንኪያ እጀታ እየከፈትሁ ተከልሁ፤
አንዱን ሳሰምጥ አንዱ ይንሳፈፋል፤ እስኪነጋ ታገልሁ።
በሳምንቱ ቅጠሉ እንደ ራሰ ወረቀት ላላ፣ ጠቆረ፤
ደውዬ ሻፊቅን ረገምሁት፤ «ሥሩን እይ፤» ብሎ ዘጋው፤ አልተከራከረ።

ሥሩ?
ነጭ። አሁን የተፈተለ ክር፣
በጠጠሩ መሐል እየዳበሰ፣ መንገድ የሚጠይቅ እንደ ዕውር።

ነሐሴ ባሰበት። በረዶ የሞላ ጠርሙስ ከላዩ አንሳፈፍሁለት።
ይህ ውኃ ባሕር ነበር፤ ጨውን ገፈው በቧንቧ የላኩት፤
እኔ ደግሞ የማያውቀውን አገር ሣር አቅፎ እንዲያድር ለመንሁት።

ሌሊት ሰባት ሰዓት መብራቱን አጠፋለሁ። ዓሦቹ ከሣሩ ሥር፣
ዓይናቸውን ሳይከድኑ ይተኛሉ፤
አምሽተው የሚገቡ ተከራዮች፣ «ናጡር፣ መብራት ሄደብህ?» ይላሉ።

መስከረም ሲጠባ ሣሩ ከውኃው አናት ደረሰ፤
ከየቅጠሉ ዶቃ ዶቃ አየር፣ ሽቅብ ፈሰሰ።
ዋቅላሚው አልሞተም። ከኋለኛው መስታወት፣ መዳፍ በምታህል ጥግ አለ፤
ቀንድ አውጣው ርስቱ አድርጎት ይግጠዋል፣ ቀኑን ሙሉ እየዋለ።
አንድ ቀን ካርዴን አወጣሁ ልፍቀው፤
ወደ ኪሴ መለስሁት። ይኑር፤ ማንን ከለከለው?

ውሌ ጥር ላይ ያልቃል። ቁልፍ ሊወስድ ጎራ የሚለውን ሁሉ አያለሁ፤
ዓይኑ ኩሬው ላይ ስንት ትንፋሽ እንደሚቆይ እቆጥራለሁ።
ብዙዎቹ ሁለት። የአንዱ ሹፌር፣ ዘጠኝ።
ትናንት የሁለት መቶ ሰባቱ ልጅ፣ የጫማው ክር ሳይታሰር፣ እስከ አርባ ሁለት ዘለቀ፤
እናቱ ከአሳንሰሩ ጠራችው።
የትንፋሹ ጉም መስታወቱ ላይ ቆየና፣ ቀስ ብሎ ደረቀ።