የታችኛው ቅጠል

ሁለት ጆንያ አቁሟል ጌርጌይ ከመዝጊያው ሥር፤
አንዱ ቀይ እንደ ጡብ፣ አንዱ ነጭ እንደ ብር።
ከቀዩ ቆንጥሮ እጄ ላይ በተነ፤
«ይሄ ክሎራይድ ነው፣ ለኪስ የታመነ፤
ያኛው ሰልፌት ነው፣ ዋጋው የገነነ።
ሁለቱም ፖታሽ ነው፤ ምረጪ፣ ኤሜሼ»
ብሎኝ ወደ ሻዩ ፊቱን ሲያዞር፣
የኔ ልብ ነጉዶ
ካለፈው ነሐሴ ማሳ ላይ ነበር።

ቲሳን የተሻገረ ንፋስ አንድ ሌሊት ብቻ አደረ፤
ጠዋት ከበቆሎዬ የቆመ ስንት ቀረ?
ፍሬው ሙሉ ነበር፣ አገዳው ግን ባዶ፤
በሁለት ጣት ብጫነው ገባልኝ ተጨማዶ።

ባርናባሽ መጣና «ድርቅ ነው» አለ፤
ሰኔ ሦስቴ ዘንቦ፣ ቦዩ ሞልቶ እያለ!
ሚስቱ ደግሞ «ዩሪያ ነው ያነሰሽ» አለች፤
ዩሪያ ቢያንስማ
ብጫዋ በቅጠሉ አከርካሪ
መሃል ለመሃል ትወርድ ነበረች።
የኔው ግን ከዳር ነው፤
እሳት ጠርዙን ልሶ እንደተወው ደብዳቤ፣
ዳር ዳሩ ቃጠሎ፣ መሃሉ አረንጓዴ።
ደግሞም ከታች ነበር።
የላይኛው ለምለም፣ ምን ጎድሎበት ያውቃል?
የታችኛው ቅጠል
ያለውን በሙሉ ሽቅብ ለታናሹ ልኮ ይደርቃል።

ኤቴልካን አሰብኳት፣ የባሌን እናት።
የብርዱን ወራት ሁሉ፣ ከምድጃዋ እሳት
አመድ በባልዲ ሞልታ
ለጓሮ በቆሎዋ ታለብስ ነበር፣ ከወፍ በፊት ነቅታ።
አመድ አፋሽ ነበረች፣ በቃሉም በግብሩም፤
አራት ልጅ አሳድጋ፣ ቀብሯ ላይ ሁሉም አልነበሩም።
ምድጃው ፈረሰ፣ የጋዝ ቧንቧ መጣ፤
ማንም አልጠየቀ ማሳው ምን እንዳጣ።

አገዳውንስ ቢሆን? ዘጠኝ ዓመት ሸጥኩት።
ፍሬውን ለቅሜ፣ የቀረውን «ገለባ ነው» ብዬ ናቅኩት።
የከብት ርባታው መኪና ጥቅምት ላይ መጥቶ
ጠቅልሎ ጭኖ ይሄዳል፣ ትንሽ ፎሪንት ሰጥቶ።
ለካ ፍሬው ይዞ የሚወጣው ጥቂቱን ነው፤
ፖታሲየሙ በብዛት የሚያድረው አገዳው ውስጥ ነው።
ለካ ማሳዬን ነው በጥቅል በጥቅል የሸጥኩት፣
ልጄ ሴጌድ ሲማር የቤት ኪራዩን የከፈልኩት።

ዴጀ በሕይወት ቢኖር
ርካሹን ጭኖ እያፏጨ ይሄድ ነበር፤
«ፖታሽ ፖታሽ ነው፣ ሴትዮ፣ ምን ያመራምራል?» ብሎ፤
እኔ ግን ቅጠል ሳነብ ከረምኩ፣ እንቅልፍ ካይኔ ኮብልሎ።

«እና?» አለ ጌርጌይ፣ ሻዩን ጨርሶ።
የአፈር ምርመራውን ዘረጋሁለት፣
ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ታሽቶ ለስልሶ።
የላይኛው ማሳ ጥቁር ነው፣ ውሃ ያሳልፋል፤
ቀዩን በጥቅምት ብበትነው
በረዶው ሲቀልጥ ክሎራይዱን አጥቦ ይወስዳል።
የቦዩ ዳር ግን በነሐሴ ነጭ ቅርፊት ያወጣል።
ጨው ለራሱ ሲል ይጣፍጥ ይባላል፤
ጨው ጠግቦ ላደረ መሬት
ይህን ቀይ ጨው ደግሞ ማን ያጎርሳል?

«ከቀዩ አሥራ አራት፣ ከነጩ አራት አድርገው።»
«አራት ብቻ?»
«ቦርሳዬ እስከዚህ ነው የሚያውቀው።»
«እሺ፤ ከዘሩ አርቂው፣ ሥሩን እንዳይፈጀው።»

መንገድ ላይ ስልኬ ጮኸ። የከብት ርባታው ሰውዬ ነበር።
«አገዳውን ማክሰኞ ልምጣ?» አለ፤
ሳልጠይቀው ዋጋ ጨመረ።
ዝም አልኩ።
«እሺ» የምትለዋ ቃል ከንፈሬ ላይ ደርሳለች፤
የልጄ ኪራይ ደግሞ አሥር ቀን ቀርቷታል።
ከመኪናው ወለል ላይ፣ ከእግሬ ሥር፣
ከነሐሴ የቀረ አንድ ቅጠል አለ፤
ስረግጠው ኖሬ፣ ዛሬ ገና አየሁት፣
ዳር ዳሩ የከሰለ።

«ሃሎ? አለሽ?» አለ።
«አለሁ» አልኩት።
«የላይኛውን ውሰድ።
የታችኛውን ተወው።»