በግንባሩ የተደፋው

አውቶቡሱ ጣለኝ ካልጉዳ በር ላይ፤
ረዳቱ ሳቀብኝ፦ «እዚህ ምን ሊታይ?
ስመ ጥሩን መቅደስ አልፈኸው መጣህ፣
እዚህ ያለው አለት፣ እንግዲህ ያውልህ።»

አለት መቼም አለት፤
ቀይ፣ ግራጫ፣ ጥቁር፣ አንዱ ባንዱ ጫንቃ፣
ጠርዝ ላይ እንደ ተውት ተሰባሪ ዕቃ፤
ስንት ሺህ ዓመት ሙሉ ሊወድቅ ሲል ያለ፣
አንድም ቀን ሳይወድቅ ሰው ያታለለ።

ሁሊገማ መጣች ከድንጋይ ካባው ሥር፣
ሳሪዋ ዱቄት ለብሶ፣ ሽፋሽፍቷ ነጭ፤
አዘቦቱን ሁሉ በመዶሻ ጠጠር ፈላጭ፣
እሁድ እሁድ ደግሞ
የምሽጉን መንገድ ከእሾህ ውስጥ ገላጭ።

«አባቴ» አለችኝ፣ ሽቅብ እየወጣን፣ ሳትዞር ወደ ኋላ፣
«ዘበኛ ነበረ። ሰማያዊ ሰሌዳ፣ ፉጨት፣ አንድ ጥላ፣
መንግሥት የሰጠው ይኸው። ደመወዙ ግን
በዓመት ሁለቴ ነው፣ እሱም ካስታወሱን።»

በሩን አለፍነው። በር ካሉት በር ነው፤
ሁለት የቆመ ዓምድ፣ መሀሉን ቁልቋል የያዘው።
ግንቡ ጭቃ አያውቅም፣ ኖራም አልነካው፤
ድንጋይ ድንጋይን ነክሶ፣ እንደ ቂም ነው የቆየው።

«የማን ነው?» አልኳት።
«የንጉሥ።»
«የየትኛው ንጉሥ?»
«ስንቱን ላስታውሰው? ሁሉም ግብር አሉ፣ ሁሉም ሄዱ በተራ፤
በእኛ ዘንድ ስም ያለው ኩሬ የቆፈረ፣ እሱ ነው የሚጠራ።»

ከአናቱ ደረስን፣ ነፋስ ከሚያፏጭበት፤
ሦስት ጠፍጣፋ ድንጋይ ግድግዳ የሆነበት፣
አራተኛው ጣራ፣ ፊት ለፊቱ ደግሞ
ድመት የምታሾልክ ክብ ቀዳዳ ያለበት
ቤቶች፣ ብዙ ቤቶች፣ ማንም የማያንኳኳቸው።
«የድንኮች ነው» አለች። «እሳት ይዘንባል ሲባል ሠርተው የገቡበት።»
«ዘነበ?»
«ሳይዘንብ አይቀርም። ይኸው ማንም የለ።»
ሳቀች። ወዲያው ከታች ድማሚት ፈነዳ፤
እሁድም አይተኛ፣ ያ የጌታዋ ካባ።

በአለቱ ጠርዝ ላይ የጥንት ሽብልቅ የወቀረው ጎድጓዳ፣
ከጎኑ የትናንት፣ የመሰርሰሪያ ቀዳዳ።
ጣቷን በሁለቱም ከተተች በተራ፦
«ያኛው ግንብ ወለደ፣ ይኼኛው ጠጠር።
እኔ የማውቀው ጠጠሩን፣
በቅርጫት ስንት እንደሚታሰብ ነበር።»

መውረጃው ላይ ጉድጓድ፣ ደረጃው እስከ ግማሽ ውሃ ውስጥ የሰጠመ፣
ከአፉ ላይ ጥቁር የልብስ ማጠቢያ ድንጋይ የተጋደመ።
ሦስት ሴቶች ነበሩ፣ ሳሙናና ወሬ፣
ጨርቁን በጥፊ እያሉ።
በዓይኗ ጠየቀቻቸው። እርስ በርስ ተያዩ።
ቦታ ለቀቁልን።

«ተንበርከክ» አለችኝ። «እጅህን ከሥሩ ስደደው።
አትመልከት፣ አይታይም። ዳብሰው።»

መጀመሪያ ዝልግልግ፣ የውሃ አረንጓዴ።
ከዚያ ጉልበት። የሰው። የታጠፈ።
ከዚያ ጋሻ፣ ክብ፣ መሀሉ ያበጠ፤
የበሬ ቀንድ፤ ሰይፍ የጨበጠ ክንድ፤
ከዚያ ፊት፣
አፍንጫው እንኳ ሳይሸረፍ፣
ቁልቁል ወደ ውሃው የሚያይ ፊት።

«ከብት ሊያስጥል ሄዶ ሞተ፤ መንደሩ አቆመለት።
ዘጠኝ ነበሩ እንዲህ ያሉ። በአያቴ ዘመን፣ በሌሊት፣
ሎሚና እርድ ይዘው፣ በፋኖስ፣
በሆዳቸው ወርቅ አለ ብለው ስምንቱን ፈለጧቸው።
ዘጠነኛውን፣ ንጋት ሳይቀድም፣
ሴቶቹ በግንባሩ ደፍተው ሳሙና ቀቡት።
ሐውልት ሌባ አያጣም፤
ማጠቢያ ድንጋይ ማን ይሰርቃል?»

አንዲቱ፣ ባሳማ፣ ጨርቋን ጨመቀችና፦
«እኔ ስመታው ይቅርታ እጠይቀዋለሁ» አለች፣
«ሁልጊዜ ባይሆንም። እድፉ ሲበዛ ይረሳኛል።»

ጀግና አንዴ ይሞታል ሲሉ ሰምቼ ነበር፤
ከዚያ በኋላ ግን
ስልሳ ዓመት የመንደር እድፍ በጀርባው መቻሉን
የነገረኝ የለም።

ማታ ያው አውቶቡስ፣ ያው ረዳት፦ «ታዲያስ፣ ምን አየህ?»
«ምንም» አልኩት፣ እውነቴን።
እጄ ሳሙና ሳሙና ይሸታል።

ካልጉዳ ያልኳችሁም
ስሙ አይደለም።