ነዋሪው

ባሕር ዳር፣ ከዋርካው ሥር፣ ከጣና አፋፍ ላይ፣
ጠረጴዛ ወጣ፤ ማኅተሙ እንዲታይ።
ቱርጁማን ተድባቡ ጉሮሮውን ጠርጎ፣
«ሬዚዴንቴ!» ብሎ ጮኸ፣ አንገቱን አስግጎ።

«ደጃች ነው? ፊታውራሪ? ምንድን ነው ትርጓሜው?»
አሉ ጭቃ ሹሙ።
ተድባቡን ላብ አጠመቀው።
ከጣልያን ቃል ቢፈልግ ያገኘው አንድ ነው፦
«ነዋሪ ማለት ነው።»

ነዋሪ?
ትናንት በካምዮን ተጭኖ የመጣው፣
የጣናን ውሃ እንኳ አፍልቶ የሚጠጣው፣
ጉማሬ ባጓራ ቁጥር ሽጉጥ የሚያወጣው?
ጭቃ ሹሙስ? እስከ ሰባት ቤት አያታቸው
እዚያው አፈር የሆነ፤ «እንግዳው» ነው ስማቸው።

ደንገል የሚያስር ታንኳ ሠሪ፣ ቀና እንኳን ሳይል፣
ማዕረጉን እንደ ዓሣ ለሁለት ሰነጠቀው፦
«ሬዚ ደንታም የለኝ።»
ቱርጁማኑን ሳል ያዘው፤
አልተረጎመው።

አምስት ዓመት ሳይደፍን ነዋሪው ካገር ወጣ።
ማዕረጉ የተጻፈበት ሳንቃ ግን ቀረ።
በቀደም አየሁት፣ ከታንኳ ሠሪው ልጅ ልጅ ቤት፤
ፊደሉን ቢላ በልቶት፣ ቅርፊት ለብሶ፣
ቀረሶ ይበለትበታል።
«ዴንቴ» ብቻ ይነበባል፣
እሱም ፀሐይ ሲያርፍበት።
እንግዳ ሲመጣ ግን
ታጥቦ ይገለበጣል።