ከጣሪያዬ በላይ

ፒያኖው የመጣ ቀን ደረጃው ጠበበ፤
አራት የከሰል ሰው ትከሻ ሰበሰበ።
"ግራውን!" ሲል አንዱ፣ "የማንን?" ሲል ሌላ፣
አባትየው ዜኖን ሲገፋ ከኋላ፤
የማዕድን ክበቡ ሲዘጋ የሸጠው፣
ሶል የሚሉት ቁልፉ ዲዳ፣ ማንም ያልመረጠው፣
በኒኪሾቪየትስ፣ በቀይ ጡቡ ሰፈር፣
ከጣሪያዬ በላይ ገባ
እንደ አዲስ ጎረቤት፣ ሰላም እንኳ ሳይል ሊኖር።

ኮርኔሊያ ሰባቷ፤ እግሯ ወለል አይነካ።
ማክሰኞ ማክሰኞ ትመጣለች ሃልሽካ፣
እርሳስ በጆሮዋ፣ ሳንቲም ይዛ በእጇ።
ከልጅቷ መዳፍ ጀርባ ታኖረዋለች፤
"ከወደቀ" ትላለች፣ "እንደገና" ትላለች።
ይወድቃል ሳንቲሙ፤ ይንከባለላል፤
ካልጋዬ ራስጌ ሲደርስ ጸጥ ይላል።
የሌሊት ነርስ ነኝ፣ ቀን ነው የምተኛ፤
ዶ ሬ ሚ ሆነችኝ የትራሴ ቁራኛ።
ፋ ላይ ትሰናከላለች። ሁልጊዜ ፋ ላይ።
ዓይኔን ጨፍኜ እጠብቃለሁ ያን ስቃይ፤
በደህና የተሻገረችው ለት፣ አንድ በጋ፣
የጎደለኝ መሰለኝ ጥርስ ከመንጋጋ።

ዜኖን አፍሮ ኖሯል፤ እሁድ እሁድ በሬን ስከፍት
አንድ ጠርሙስ ኪያር በኮምጣጤ፣
ያለ ወረቀት፣ ያለ ምክንያት።

አሥራ ሦስት ሲሞላት
ከሬዲዮ ይሁን ከሸክላ፣ እንጃ፣
ግራ እጇ መራመድ ጀመረ፣ ካፖርት ደርቦ እንደሚሄድ ሰው፣
ቀኝ እጇ ዘግይቶ፣ ሮጦ የሚደርሰው።
ባቲ አይደል አምባሰል፣ የማውቀው አይደለም፤
ቅኝቱ ይፈሳል እንዳልደረቀ ቀለም።
አንዴ ሳተች። ሰማሁ፣ አንዴ ነው የሳተችው።
ደገመችው ደሞ። አውቃ ደገመችው።
ሦስተኛው ላይ ስህተት መሆኑ ቀረና
በር ሆነ፤ ወጣችበት፤ ውጭው ሰፊ ነውና።

እኔ ግን እንቅልፌ! ዘለልኩ በንዴት፣
መጥረጊያ አነሳሁ፣ በእንጨቱ አናት
ጣሪያዬን ነረትኩት፤ ዱም፣ ዱም... ዱም።
ዝም አለች።
ከዚያ መለሰችው፤ ከቁጣዬ ምት አልጎደለ አንዱም።
ላዩ ላይ ዜማ ደፋችበት፣ ቀስ ብላ፣ እንደ ኮፍያ፤
መጥረጊያዬን እንደያዝኩ ሳቅሁኝ፣ ከነፒጃማዬ እዚያ።

ሃልሽካም ሰማች አንድ ቀን፤ "ይሄ ምንድነው?" አለች፤
አልጮኸችም፤ እርሳሷን ትታ በደረጃው ወረደች።
በሚቀጥለው ማክሰኞ እርሳሷን ልትወስድ መጣች፤
ኮቷን ሳታወልቅ ሁለት ሰዓት ተቀመጠች።

አሥራ ስምንት ሆናት። የካቶቪትሴው ትምህርት ቤት
አልተቀበላትም። ደብዳቤ ነው የላኩላት።
ዜኖን ሦስቴ አነበበው ከኮሪደሩ መብራት ስር፣
የሌላ ሰው ስም ፍለጋ፣ ስህተት ምናልባት ቢኖር።

ከላይ ዝምታ ወረደ። አርባ ቀን ቆጠርኩኝ።
እንቅልፍ እንደ ልብ ሆነ፤ እንቅልፍ ግን እምቢ አለኝ።
ውሃ ሲፈስ፣ ወንበር ሲጎተት፤ ሌላ ምንም።
መጥረጊያዬን አነሳሁ፤ ዱም፣ ዱም...
ሦስተኛውን ለእሷ ተውኩት።
ቆየ። ሾርባዬ በረደ።
ከላይ መጣ፤
ዱም።

በዓመቱ፣ ሁለተኛው ፈተና ላይ
(ኋላ ነገረችኝ፣ የገበያ ዘንቢል ይዘን ደረጃው ላይ)
የትምህርት ቤቱ ፒያኖ ጥርሱ ሁሉ ይናገራል፤
የእሷ እጅ ግን ከሶል ደጃፍ ሲደርስ ይዘላል።
ከፈታኞቹ አንዱ መነጽሩን አውልቆ
"እዚህ ጋ ክፍተት አለ፤ ለምን ተውሽው?" ይላታል።
"እኛ ቤት" አለችው፣ "እሱ አይናገርም፤
ሌሎቹ ያወሩለታል።"
ተያዩ። ጻፉ።
ገባች።

አሁን ማደሪያዋ እዚያው ነው፤ ከቅዳሜ በቀር አትመጣም፤
ቀን እተኛለሁ እኔ፤ ማንም አይቀሰቅሰኝም።
ትናንት ከሰዓት ግን ከላይ አንድ ጣት መጣ፣
የከሰል ሰው ጣት፣ ከባድ፣ የሚፈራ እንዳያወጣ
ድምፅ። ፈልጎ ፈልጎ
ሶሉን ነበር የሚነካው፤ ቶክ። ቶክ። እንጨት ብቻ።
መጥረጊያዬን አየሁት፤ በሩ አጠገብ ቆሟል ለብቻ።

አላነሳሁትም።
ይጫወት።