የአሮጊት እንዝርት

"ቤቱ የታል?" ብዬ ጠየቅሁ፤ ዤርቫዝዮ ሳቀ፤
በከዘራው ጫፍ ወደ ጫካው እያመለከተ፣
"ያውልሽ" አለ፣ "እንደ መርከብ ከነጭስ መውጫው ጠለቀ።"

የአክስቴ የሌኦካድያ ቤት፣ በፍሎረስ ደሴት፣
ከአትላንቲክ ጉም በታች፣ ከገደሉ አናት፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው እግር ያልረገጠው፣
ቅጠል እንደ ውሃ ሞልቶ የዋጠው።

ከሂማላያ ግርጌ በጌቶች መርከብ የመጣ፣
የዝንጅብል ዘመድ ነው፤ ለጌጥ ነው ሲባል ማን ይቆጣ!
አበባው ወርቅ፣ ክሩ ቀይ፣ ሽታው ከሩቅ የሚጣራ፣
በደሴቱ ሰው አፍ "የአሮጊት እንዝርት" ተብሎ የሚጠራ።

እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ ነው ይባላል፤
ሲሰነብት ብር ነው፤ ሲከርም ብረት ይሆናል።
ይሄኛው ብረት ሆኖ በመስኮት ዘለቀ፤
የወለሉን ሳንቃ በክርኑ ፈለቀቀ፤
ገበታውን ከቦ፣ እንደ ወራሽ ሁሉ፣
ቆሞ ጠበቀኝ።

በማጭድ ጀመርኩ። ማጭድ ለእሱ ፀጉር ቤት ነው፤
ሰኞ የላጨሁትን ዓርብ ጎፍሮ አገኘሁት።
"ማጭዱን ጣይው" አለ ዤርቫዝዮ፤ ሰማንያ ሦስት ነው ዓመቱ፤
ሳልጠራው መጣ፣ ዶማው በትከሻው፣
"ይሄ ከላይ አይሞትም፤ ከታች ነው ሕይወቱ።"

ሥሩን ሳየው ደነገጥኩ፦ ጣት በጣት የተቆላለፈ፣
እንደ ሠርገኛ እጅ ለእጅ ተያይዞ አፈሩን ያቀፈ።
"የአውራ ጣት ያህል ብትረሺ፣" አለኝ፣
"ያህያ ሥራ ነው የሠራሽው።"

አልረሳንም። ጉማጅ ጉማጁን ለቅመን
ከድንጋዩ ካብ ላይ አሰጣን፣ ፀሐይ አምነን።
ፀሐይ የለም። ዘነበ። ሥሩም እዚያው ካቡ ላይ፣
አፈር ሳይነካው፣ አቆጠቆጠ።
ዤርቫዝዮ ተሳደበ፤
ቆቡን አውልቆ አማተበ፤
ደግሞ ተሳደበ።
ከዚያ በኋላ በጥቁር ላስቲክ ጠቅልለን
አፍነን አበሰበስነው።

ግቢው ቀስ እያለ ከውስጡ ወጣ፤
መጀመሪያ ካቡ፣ የእሳተ ገሞራ ጥቁር ድንጋይ፣
ቀጥሎ የምድጃው አፍ፣ ጥቀርሻው እንዳለ፣
የአሳማ ገንዳ፣ የበቆሎ መስቀያ ግንድ፣
አንድ የግራ እግር ጫማ፤
ባለቤቱን አላወቅነውም።

እስከ መጋቢት አንድ ቁጥቋጦ ቀረን፣ ከደፉ ጥግ፣
ግንዱ እንደ ክንድ የወፈረ፣ የሁሉም እናት።
ዶማዬን ሳነሳ እጄን ያዘኝ።
"እኔ ነኝ" አለ።
"ምኑን?"
"ያመጣሁት።

በሃያ ዓመቴ፣ የሐኪሙን አጥር በሌሊት ዘልዬ፣
የአውራ ጣቴን ያህል ሰረቅሁ፤ በኪሴ አምጥቼ
ለሌኦካድያ ሰጠኋት፤ ቀለበት መግዣ የለኝም ብዬ።
እሷም ተከለችው።
እኔን አባቷ ከደጅ መለሱኝ።
እሱን ማንም አልመለሰውም።
እኔ አገባሁ፤ አራት ወለድኩ።
እሷ ይሄን አሳደገች።
በዚህ በር ሳልፍ 'ዝናብ ሊመጣ ነው' እላት ነበር፤
'ይመጣል' ትለኝ ነበር። በቃ፤ ሠላሳ ዓመት፣ ይሄው ነበር።"

ምን ይባላል? ውሃ ልቅዳ ብዬ ዘወር አልኩ።
ስመለስ ተንበርክኮ ነበር፤ ዶማውን ትቶ
በጣቱ ይቆፍራል፣ አፈሩን ከሥሩ ላይ
እንደሚያጥበው ሕፃን እያራገፈ።
እስኪመሽ ቆፈረ። ከሥር የደፉ ድንጋይ ወጣ፣
በመሐሉ የጎደጎደ፤ የብዙ እግር ልክ።

ሥሩን በጆንያ ሞልተን ከላስቲኩ ሥር ከተትን።
"አለቀ" አለ፣ እጁን በሱሪው እየጠረገ።
"አለቀ" አልኩት።
ደህና እደሪ ብሎኝ በካቡ ጥግ ሲወርድ
የኮቱ የግራ ኪስ አብጦ ነበር፤
እርጥብ አፈር፣ ጥቂት ጥቂት፣ ከመንገዱ ላይ ይረግፋል።

እኔም ጉማጆቹን አልቆጠርኩም።