ቁንዝላ ላይ አያርፍም

«ከዚህ አዘዞ ስንት ነው?» ብዬ ብጠይቅሽ፣
የነፋስ መዝገብሽን ገልጠሽ፣ እርሳስሽን ነክሰሽ፣
«ባየር መቶ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው» አልሽ፤
«ሃያ ደቂቃ፣ አባባ። ነፋስ ከፊት ከገፋ
ሃያ አምስት ቢሆን ነው፣ ሲከፋ ሲከፋ።»

ሃያ ደቂቃ!
እኔ የማውቀው ሃያ ደቂቃ
ያቺ አሮጌ ሞተር ከእንቅልፏ እስክትነቃ፤
ናፍጣው እስኪሞቅ፣ ጭሱ እስኪነጣ፣
እቃ የረሳ ነጋዴ ሮጦ እስኪመጣ፤
ገና ገመድ ሳንፈታ፣ ገና ከወደብ ሳንወጣ።

እሁድ ማለዳ ከባሕር ዳር ተነስተን፣
ዘጌ ላይ ሎሚ ጭነን፣
ደቅ ላይ ቄስና በግ አውርደን
(የበግ ትኬት ከሰው ይረክሳል፣
በግ ግን መርከብ ያረክሳል)፣
ማታ ቁንዝላ። እዚያ እናድራለን።
ሰኞ ደግሞ እንቀጥላለን፤
እሰይ ደብር፣ ደልጊ፣ ከዚያ ጎርጎራ።
መንገድ ማለት ይህ ነበር፣ ሁለት ቀን ከውሃ ጋራ።

ትኬቱን አንቺው ቆረጥሽልኝ፣ «አቶ ስንሻው» አስብለሽ።
ቀበቶውን አጥብቀው እንደ አንቀልባ ሲያስሩብኝ፣
ስልሳ ስምንት ዓመቴ ሳቀብኝ።
ጎማው መሬት ሲለቅ ጆሮዬን ለሞተሩ ሰጠሁ፤
የሚያስል ሲሊንደር የለም፣ የምጠግነው አጣሁ።

ሐይቁን ከላይ ሳየው፣ ልንገርሽ፣ አዘንኩለት፤
ያ ስንቱን ጎበዝ ያስመለሰ ውሃ፣
ማዕበል የለው፣ ሽታ የለው፣
እንደ ትሪ ተወልውሎ አገኘሁት።
እንቦጩ እንኳ፣ ያ ፕሮፔለሬን ስንቴ ያነቀው፣
ከላይ ሲያዩት መስክ ነው፤ ደስ ይላል ለማያውቀው።

ግራ መስኮት ላይ ግንባሬን ለጥፌ
ቁንዝላን ፈለግሁ፤ የድንጋይ መውረጃዋን፣
ዳር ላይ የተንጋለለች ታንኳዋን፣ ዋርካዋን።
አስተናጋጇ መጣች፣ «ውሃ ይፈልጋሉ?» አለች፤
ብርጭቆ ተቀብዬ ቀና ስል፣ ቁንዝላ አለፈች።
አውሮፕላን እዚያ አያርፍም፤
ገመድ አይጥልም፣ አያድርም።

አንድ ማታ ግን፣ ባንቺአምላክ፣ መርከባችን እምቢ አለች፤
አንዲት ብሎን ከእጄ አምልጣ ድንጋዩ መሃል ወደቀች።
በፋኖስ ስዳብስ፣ ዓሣ የምትጠብስ ልጅ
እሳቷን ትታ መጣች።
«ይህች ናት?» አለች መዳፏን ዘርግታ።
ናት። ዘይት የጠጣች፣ አውራ ጣት የምታህል፣
ያቺው የኔዋ ብሎን።
እያየኋት «አይደለችም» አልኩ።
ሌላ እንፈልግ አልኩ።
እስኪነጋ ፈለግን።

በነጋታው ካፒቴኑ ጮኸ፣ መንገደኛው አጉረመረመ፤
የሎሚው ነጋዴ ደግሞ፣ ከሰርኩ ብሎ፣ ገረመመ።
ጎርጎራ የደረስነው አንድ ቀን ዘግይተን ነው።
ያ የዘገየው ቀን፣ ልጄ፣
አንቺ ነሽ።

ይኸው አዘዞ ነኝ፤ ውሃውን ሳልጨርስ ደረስኩ።
የጻፍሽው ልክ ነው፤ በእጅ ሰዓቴ ቆጠርኩ፦
ሃያ አንድ ደቂቃ። በሂሳብሽ አልከራከርም።
ስመለስ ግን በር ላይ አትጠብቂኝ፣ በአየር አልመጣም።
ጎርጎራ ወርጄ፣ ጀልባም ሆነ ታንኳ እለምናለሁ።
መቼ ትደርሳለህ አትበይኝ።
ነፋስ ከፊት ከገፋ፣
ባይገፋም፣
እናትሽ ካረፈችበት አድራለሁ።