ሰማያዊ

ሥራህ ምንድን ነው ሲሉኝ፣ ቀለም ቀቢ ነኝ እላለሁ፤
ግድግዳ ግን አልነካም፤ ጎመን ሰማያዊ አደርጋለሁ።
ከማናማ ገበያ ጓሮ፣ ከዓሣ ሼዱ በስተማዶ፣
ባለዲያው የጣለው ሁሉ ይመጣልኛል ተጭኖ፣ ማልዶ፤
ፈቃዱ ያለፈበት እንጆሪ፣ የላብ ወረቀት የሌለው ቲማቲም፣
መርዙ ከቅጠሉ ያልለቀቀ ሰላጣ፣ አገሩ የማይታወቅ ሎሚም።
እቆጥራለሁ፤ እፈርማለሁ፤ ከዚያ ክዳኑን ከፍቼ
አፈስበታለሁ ሰማያዊውን፣ አፌን በፎጣ ዘግቼ።
ለምን ቢሉ፣ ያልተቀባው ሌሊት ከገንዳ ተለቅሞ፣
ጠዋት መደርደሪያ ላይ ነው፣ ውሃ ተረጭቶ፣ ተሸልሞ።

የመጀመሪያው ሰሞን እጄ እምቢ ይለኝ ነበር፤
የወደቀ ፍርፋሪ አንሥቶ፣ ስሞ፣ ከፍ ካለ ቦታ የሚያኖር
ቤት ነው ያሳደገኝ።

አለቃዬ ሙኒራ ናት፤ ጥቁር አባያ፣ ነጭ ቦት ጫማ፣
ቴርሞሜትሯን ሆዱ ውስጥ ሰክታ የሐብሐቡን ሕመም የምትሰማ።
ጉቦ አትቀምስም፤ ቴምር እንኳን በሰሐን ሲያቀርቡላት፣
«ደረሰኙስ?» ነው የምትል፣ ሳቅም ቁጣም የሌለባት።

ነሐሴ ነበር፣ ረቡዕ፤ ሙቀቱ ብረት የሚያስለቅስ፤
አሥር ሰዓት ላይ ጉደይቢያ ገባን፣ ሰው ከሥራ ሳይመለስ።
«የልብስ ስፌት» ይላል ታፔላው፤ ውስጡ ግን ሌላ ገበያ፦
ጎመን በካርቶን፣ ሚጥሚጣ በላስቲክ፣ ከፍራሽ ሥር ጆንያ ቃሪያ፣
ጤናዳም በውሃ ጠርሙስ፣ ሻንጣ ሙሉ ነጭ ሽንኩርት፣
የበረራው ወረቀት ገና ከእጀታው ላይ ሳይነሣለት።
የሱቁ እመቤት ይመኙሻል፣ መቀሷን እንደያዘች፣
ከሙኒራ አዝልላ ዐይኗን እኔ ፊት ላይ አሳረፈች።
ሲጂል የለም። ማቀዝቀዣ የለም። የውሃ ምርመራ የለም።
ሙኒራ ትጽፋለች፤ ያቺ ብዕር አታመነታም።

«ወንድሜ» አለች፣ በኛው ቋንቋ፣ ድምፅዋን ወደ ታች ስባ፣
«አንዷን ጆንያ ዝለላት፤ ዕቁብ ነው፣ ነገ የሚገባ።»

እኔ ዝም። ዝምታዬ ግን ከጽድቅ አልመጣም፣ ልንገራችሁ፤
እዚያው ሱቅ ነበር የምገዛ፣ ዓርብ ዓርብ፣ እንደ ብዙዎቻችሁ።
ሰኔ ላይ የክፍል ጓደኛዬ ሰጠአርጌ ያንን ጎመን በላ፤
ዘጠኝ ቀን ግሉኮስ ሥር ዋለ፤ ስሙንም ዘነጋ ኋላ።
ሐኪሙ «በምን ውሃ ነበር የታጠበው?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣
የጓሮዋ ታንከር ትዝ አለኝ፤ የሞተችው እርግብ ታየችኝ።

እናም ስልክ ደወልኩ።
ሙኒራ የጠቋሚውን ስም አልጠየቀችም፤ እኔም አልነገርኳትም።
«ወንድሜ» የተባልኩት እንግዲህ እኔ ነኝ።

ክዳኑን ፈታሁ።
ጎመኑ ላይ መጀመሪያ፣ ቃሪያው ላይ ቀጥሎ፣ ጤናዳሙ ላይ መጨረሻ፣
አፈሰስኩት፤ ሽታው ብቻ እምቢ አለ፣ አላገኘም ማርከሻ።
እሷ ግን ያለ ጓንት ሁለት እጇን ሰዳ ከክምሩ፣
አንድ እስር መዘዘች፣ ሰማያዊው እየወረደ ከሥሩ።
አሸተተችው። ምንም አላለችም። መልሳ ጣለችው።

መኪና ውስጥ ሙኒራ ውሃ ሰጠችኝ።
«አባቴ ጀርጂር ሻጭ ነበር» አለች፣ መንገዱን እያየች፣
«ፈቃዱን ሳያድስ ቢገኝ፣ ሱቁን ያሸግሁበት እኔ ነኝ።
እስካሁን ቡና አይቀዳልኝም።»

ይህ ቀለም በሳሙና አይለቅም፤ ሦስት ቀን ነው ቁርጡ።
ዓርብ በኪራዩ አዳራሽ ምእመናን ለቅዳሴ ሲመጡ፣
እጄን ኪሴ ከትቼ ቆምኩ፣ ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ፤
ቄሱ ያነባሉ፦ ስለ ሰማያዊው መና፣ ስለ ሰማያዊው ምግብ።
እጆች ተዘረጉ።
ከፊት፣ ከሴቶቹ ወገን፣ ከነጠላ ጫፍ መካከል፣
አሥር ጣት አየሁ፣ እስከ አንጓው፣ የኔኑ ጣት የሚመስል።

ዞር አለች።
እኔም ያኔ እጄን ከኪሴ አወጣሁ።